ጳጉሜን በአትላንቲክ ዳር፦ ዉስተር ካውንቲን ያለ ጥድፊያ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ባሕር ማለት ባብዛኛው ኦሽን ሲቲ ነው። ጉዞውም ይታወቃል። ቅዳሜ በሌሊት መነሳት፣ ድልድዩ ላይ መሰለፍ፣ ከተማው ውስጥ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አሸዋው ላይ መዘርጋት፣ ከዚያ ማታ በዚያው ሰልፍ ደክሞ መመለስ። ለወጣት ይሆናል። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴንና ከእሷ የማይለዩትን ጎረቤታችንን እትዬን ይዤ ግን እንዲህ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ። ሁለቱም ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ባሕር ይወዳሉ፣ ሁለቱም መቸኮል አይወዱም።

ያወጣሁት ዕቅድ ቀላል ነው። አንድ ቦታ ማረፊያ እንይዛለን። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንወጣለን፣ ያውም ከግማሽ ሰዓት ብዙ የማያስነዳ። ምሳ ከቤት የያዝነው ነው። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ አለ፣ እሱ አይነካም። ማታ ደስ ካለን እንወጣለን፣ ካላለን ቡና ይፈላል።

ኦሽን ሲቲ ያለበት ዉስተር ካውንቲ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ውስጥ በቀጥታ አትላንቲክን የሚነካው ዉስተር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ባሕር አላቸው ከተባለ የቼሳፒክ ወሽመጥ ነው። በ2020 ቆጠራ ነዋሪው 52 ሺህ ገደማ ነበር። የባሕር ከተማ፣ የዱር ፈረስ ያለበት ደሴት፣ የድሮ ጡብ ቤቶች ያሏት ትንሽ ከተማ፣ ጥቁር ውኃ ያለው ወንዝ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው።

ጊዜውን ጳጉሜን ያደረግኩት በምክንያት ነው። ሌበር ዴይ የሚባለው የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ካለፈ በኋላ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ የማረፊያ ዋጋ ይወርዳል፣ ሰዉ ይሳሳል። ውኃው ግን የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው። ባሕር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። መስከረም መግቢያ ላይ ያለው ውኃ ግንቦት መጨረሻ ላይ ካለው በጣም ይሻላል። ግንቦት ላይ እግሩን ነክሮ የጮኸ ሰው ያውቀዋል።

የሁለቱ ሴቶች ቅድመ ሁኔታ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ቤት መገኘት። ሁለተኛ፣ የጳጉሜን ጾም ስለሚጾሙ ምግቡ የጾም ይሁን። ኩለሩ ውስጥ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ ገባ። ጀበናና ሲኒም ገባ። (ሰዓትና የጳጉሜን ቀኖችን የምጠራው በአገራችን አቆጣጠር ነው፣ ሌሎቹ ወሮችና ዓመታት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ትንሽ አረፍ ብለን፣ 9 ሰዓት ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን። እሑድ ከሰዓት መነሳት የዚህ ጉዞ ትልቁ ሚስጥር ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ከባሕር ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ በተቃራኒው ነን። ከቤልትዌይ ወጥተን ራውት 50ን ከያዝን በኋላ እስከ መጨረሻው ያው አንድ መንገድ ነው። ማዞሪያ ማጥናት የለም።

የቼሳፒክ ወሽመጥን የሚያሻግረው የቤይ ብሪጅ ነገር መነገር አለበት። ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ በ1952፣ ሌላው በ1973 የተከፈቱ። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ባልቲሞር የሚገቡ ትልልቅ መርከቦች በሥሩ እንዲያልፉ ተብሎ መሐሉ ላይ ከውኃው ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። መኪናቸውን የሚያሻግርላቸው ሹፌር ከፍለው የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ይህንኑ ሥራዬ ብለው የያዙ አገልግሎቶችም አሉ። እንግዲህ ፍርሃት ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ድንገት አይሁንበት። እኔ ለእትዬ አናፖሊስ ሳንደርስ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መሬት እስክንነካ አልገለጡም። እማዬ ግን መስኮቱን አስከፍታ መርከብ ትቆጥር ነበር።

ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው። ስትመለሱ የለም። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ካሜራው ሰሌዳውን ያነባል ወይም መኪናው ላይ የሚለጠፈው የመክፈያ መሣሪያ፣ ኢዚፓሱ፣ ይከፍላል። ኢዚፓስ ያለው ይቀንስለታል። በተቃራኒው መስመር የቆመውን መኪና ሳየው መጨረሻው አልታይ አለኝ። የኛ መስመር ሲፈስ ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ መሬቱ ዝርግ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ከዚያ ረጃጅም የዶሮ ቤቶች። ያ አካባቢ ዴልማርቫ ይባላል፣ የዶሮ አገር ነው። በ1920 የተቋቋመው ፐርዱ የሚባለው የዶሮ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በመንገዳችን ላይ ባለችው ሳልስበሪ ነው። ይኼን ስነግራቸው እትዬ ጾም ላይ ሆነው እንኳ የዕንቁጣጣሽን ዶሮ ማሰብ ጀመሩ። ስንት ብልት ይወጣዋል፣ የሐበሻ ዶሮ ይሻላል ወይስ አይሻልም፣ ክርክሩ ሳልስበሪን አልፎ ሄደ።

ያረፍነው ኦሽን ሲቲ ሰሜን ጫፍ አካባቢ ነው። የከተማው አሠራር ለእንግዳ ይመቻል። ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው፣ በምሥራቅ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ ወሽመጥ። መንገዶቹ ከደቡብ ጀምረው በቁጥር ይሄዳሉ፣ 146ኛው ላይ ዴላዌር ይጀምራል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ጫጫታው ዘንድ ናችሁ፣ ትልቅ ከሆነ ጸጥታው ዘንድ። አረጋዊ ይዛችሁ ስትሄዱ ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሊፍት አለው ወይ? በውቅያኖሱ በኩል ነው ወይ? መሐል ላይ ያለው ኮስታል ሃይዌይ በጣም ሰፊ ስለሆነ ወንበርና ጃንጥላ ይዞ በዝግታ ለሚራመድ ሰው መሻገሩ ፈተና ነው። በውቅያኖሱ በኩል ከሆናችሁ ግን ሳትሻገሩ አሸዋው ላይ ናችሁ።

ማታ አልወጣንም። በረንዳ ላይ ቡና ተፈላ፣ ባሕሩ ይሰማል።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። አገር ቤት ቢሆን ዝናቡን እንጠብቅ ነበር። በሩፋኤል የሚዘንበው ጠበል ነው ተብሎ ልጅ ሆነን በር ላይ ወጥተን እንመታው ነበር፣ እናቶችም ዕቃ ደርድረው ያጠራቅሙ ነበር። ኦሽን ሲቲ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የዝናብ ምልክት የለም። እትዬ ጠዋት ከበረንዳው ቀና ብለው አዩና ቅር አላቸው።

«ባሕሩስ ውኃ አይደለም እንዴ? ነይ እንሂድ» አለች እማዬ።

እሷ ነች የምትጋብዘው፣ እሷ ነች የምትመራው። እትዬ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ወጣን።

12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ፀሐይ ከውኃው ላይ ብቅ ብላለች። አሸዋው ላይ ከኛ ሌላ ውሻ ይዞ የሚሄድ አንድ ሰውዬና የዓሣ ዘንግ የተከሉ ሁለት ሰዎች ናቸው ያሉት። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆመች። ማዕበሉ መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ሸፈነው፣ ሲመለስ ከእግሯ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ስለሄደ ትንሽ ሰመጠችና ክንዴን ጨበጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘገነች። ግንባሯን፣ ጉልበቷን፣ እንደገና ጉልበቷን። እትዬም አጠገቧ ሆነው ያንኑ አደረጉ። አንዷ ለሌላዋ ጀርባ ውኃ ያፈሱ ነበር። ስለ ሩፋኤል የሚሉትን ሁሉ አሉ፣ ለልጆች፣ ለአገር፣ ለታመመ ዘመድ። እኔ ወንበሮቹን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ማቋረጥ አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ ስለ ውኃው አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። የኦሽን ሲቲ ነፍስ አድን ጠባቂዎች በሥራ ላይ የሚሆኑት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ በማለዳ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልገባንም፣ እናንተም አትግቡ። ወደ ውኃው የሚገባ ሰው ጠባቂው ከፍ ያለው ወንበር ላይ ሲወጣ፣ ያውም በወንበሩ ፊት ለፊት ይግባ። መስከረም እየገፋ ሲሄድ የወንበሮቹ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ወንበር ያለበትን ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

የሚያሰጋው ማዕበሉ ብቻ አይደለም። ሪፕ ከረንት የሚባለው፣ ከዳር ወደ ውስጥ የሚወስደው ጠባብ ፈሳሽ ነው የበለጠ አደገኛው። ማዕበል ተደጋግሞ ዳር ላይ ውኃ ያከማቻል፣ ያ ውኃ መመለሻ ይፈልጋል፣ በአንድ ክፍተት በኩል ተሰብስቦ ይመለሳል። ማዕበሉ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ለዚህ ነው የማያውቅ ሰው ጸጥ ያለ ቦታ አገኘሁ ብሎ በዚያ የሚገባው። ከወሰዳችሁ ወደ ዳር ቀጥታ አትታገሉ፣ ያደክማል። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፣ ፈሳሹ ጠባብ ስለሆነ ታልፉታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ዳር ተመለሱ። መዋኘት ካልቻላችሁ ለመንሳፈፍ ሞክሩ፣ እጅ አውለብልቡ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በባንዲራ ምልክት ነው፣ ክንዳቸውን እያነሱና እየጣሉ ከወንበር ወደ ወንበር ፊደል ይላላካሉ። እማዬ ስፖርት የሚሠሩ መስሏት ነበር፣ ስነግራት ዓይኗን አልነቀለችም።

መራመድ ለሚከብደው ሰው ደግሞ ከተማው ሰፋፊ ጎማ ያለው የአሸዋ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳል። ለእናቶቻችን ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ጉልበት አመመኝ ተብሎ ቤት የሚቀር ሰው ባሕሩ ድረስ ይደርሳል።

ምሳ ቤት በላን። ከዚያ እንቅልፍ። ከሰዓት በኋላ ለስኖው ሂል ጉዞ ታስቦ ነበር፣ ግን ሁለቱም ተኝተው ሳያቸው አልቀሰቀስኳቸውም። ስኖው ሂል የካውንቲው ዋና ከተማ ነው፣ በ1686 የተቆረቆረ። ፖኮሞክ ወንዝ ዳር ነው ያለው፤ ውኃው ከረግረጉ ቅጠልና ሥር የተነሳ እንደ ሻይ የጠቆረ ነው፣ ዳርና ዳሩ እግሩን ውኃ ውስጥ የተከለ ሳይፕረስ የሚባል ዛፍ ነው። ታንኳ መቅዘፍ ለሚወድ ሰው ከባሕሩ ይልቅ እሱ ይመቻል፣ ማዕበል የለውም። በሌላ ጊዜ ይታያል። ለእረፍት ወጥቶ ዝርዝር ለመጨረስ መሯሯጥ አይገባኝም።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

የዱር ፈረሶቹ ደሴት፣ የአሳቲግ ቀን። ከነበርንበት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ውስጥ ተመልሰን በድልድይ ወደ ደሴቱ ተሻገርን።

መጀመሪያ ስለ መግቢያው። እዚያ ሁለት ፓርክ አለ። ድልድዩን እንደተሻገራችሁ የምታገኙት የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ ነው። ወደ ደቡብ ስትታጠፉ የፌዴራሉ ነው። የፌዴራሉ መግቢያ በመኪና 25 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ዕድሜው 62 የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካለ፣ የአረጋውያን ካርድ በ20 ዶላር ለዓመት፣ በ80 ዶላር ደግሞ ለዕድሜ ልክ ይገዛል፣ ካርዱም አብሮት በመኪናው ያለውን ሁሉ ያስገባል። ለአንድ ሳምንት 25 ከመክፈል ለዓመት 20 መክፈል! እማዬ የዕድሜ ልኩን ገዛች። በአገሪቱ ያሉ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ እንደሚቀበሉት ስትሰማ ካርዱን መታወቂያዋ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተተችው። ስቴት ፓርኩ ግን ለብቻው ያስከፍላል፣ ካርዱ እዚያ አይሠራም።

ፈረሶቹን ለመፈለግ አልደከምንም። ገና ከመግቢያው ትንሽ አለፍ እንዳልን መኪኖች ቀስ ብለው ቆሙ። አንዲት ቡኒና ነጭ ባዝራ ከነውርንጭላዋ መንገዱን ታቋርጣለች። ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፣ ሆዳቸው ግን ትልቅ።

«አርግዛለች እንዴ?» አሉ እትዬ።

አላረገዘችም። የሚበሉት የረግረጉን ጨዋማ ሣር ስለሆነ ከሌላ ፈረስ በጣም የበለጠ ውኃ ይጠጣሉ፣ ሆዳቸው የሚነፋው በዚያ ነው። ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚል ተረት በሰፊው ይነገራል። የፓርኩ ሰዎች የሚያስረዱት ግን ሌላ ነው፦ በ1600ዎቹ መጨረሻ የዋናው መሬት ከብት ባለቤቶች የእንስሳት ግብርና የአጥር ግዴታ ሽሽት ከብቶቻቸውንና ፈረሶቻቸውን ደሴቱ ላይ ይለቁ ነበር፣ የዛሬዎቹም የእነዚያ ዘር ሳይሆኑ አይቀሩም። ይኼ ለኔ ከመርከቡ ይልቅ ደስ ይላል፣ ግብር የሚሸሽ ገበሬ ታሪክ የትም አገር የሚገባ ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ድንበር ላይ አጥር አለ፣ መንጋውም ለሁለት የተከፈለ ነው። የቨርጂኒያው የቺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ንብረት ነው፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አዋኝተው አሻግረው ውርንጭሎቹን በጨረታ ይሸጣሉ። የሜሪላንዱን የሚጠብቀው የፌዴራሉ ፓርክ ነው፣ ቁጥሩ ከ100 በታች ነው። ደሴቱ ከዚያ በላይ ስለማይችል በ1994 ለባዝራዎቹ በርቀት በሚተኮስ መርፌ የወሊድ መከላከያ መስጠት ተጀመረ።

ሕጉ ከ40 ጫማ ወዲህ አትቅረቡ ይላል፣ 12 ሜትር ማለት ነው። ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉ። ምግብ መስጠት ክልክል ነው፣ ይኼን ከልቤ ነው የምለው። ሰው የሚያበላው ፈረስ መንገድ ዳር መቆም ይለምዳል፣ ከዚያ በመኪና ይገጫል። ኩለራችሁንም መኪና ውስጥ ተዉት። አሸዋው ላይ ከተዋችሁት ይመጡበታል።

ከእንጨት የተሠራው የረግረጉ መንገድ ግማሽ ማይል ገደማ ነው፣ ለጥ ያለ፣ ደረጃ የሌለው። ለሁለቱ ሴቶች ልክ ነበር። ነጭ ሽመላ አየን፣ ጭቃው ላይ አንድ ክንዳቸው ትልቅ የሆነ ጥቃቅን ሸርጣኖች አየን። ትንኙ ግን አይቻልም። መስከረም መግቢያ ላይ ገና አለ፣ ረግረጉ አጠገብ ንፋስ ሲቆም ይወርዳል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ መከላከያ ተቀቡ። ነጠላው ለዚያም ጠቀመ፣ ሁለቱም ተከናነቡ።

ከዚያ ወደ አሸዋ ክምሮቹ መንገድ እኔ ብቻዬን ገባሁ፣ አሸዋው ጥልቅ ስለሆነ እነሱ ጥላ ሥር ቀሩ። እዚያ መሐል አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ፤ አስፋልት። የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ቁጥቋጦ የበቀለበት የአስፋልት ቁራጭ። በእጄ ነካሁት፣ ከፀሐዩ የተነሳ ይፋጃል። በ1950ዎቹ ይኼን ደሴት ሌላ ኦሽን ሲቲ ሊያደርጉት ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ቦታ ተሸንሽኖ ለግለሰብ ተሸጦ፣ ባልቲሞር ቡሌቫርድ የሚባል መንገድ ተነጥፎ ነበር። መጋቢት 1962 ላይ ለቀናት የቆየ ወጀብ መጣና መንገዱንም ተሠርተው የነበሩትን ቤቶችም አፈራረሰ። በ1965 ደሴቱ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ተባለ። ያ ወጀብ ባይመጣ ዛሬ እዚያ ሆቴል ይደረደር ነበር፣ ፈረሶቹም አይኖሩም ነበር።

ደሴት ያደረገውም ራሱ ወጀብ ነው። እስከ 1933 ድረስ አሳቲግና ኦሽን ሲቲ አንድ የተያያዘ አሸዋ ነበሩ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የመጣው ሰውን አባሮ፣ የባቡር ድልድዩን ወስዶ፣ መሬቱን ከከተማው ደቡብ ጫፍ ላይ ቆርጦ ከባሕሩ ወደ ወሽመጡ በር ከፈተ። መንግሥት በሩ እንዳይደፈን ሁለቱን ወገን በድንጋይ አጸናው፤ ለዓሣ አጥማጆቹ ሲሳይ ሆነ፣ ለአሳቲግ ግን አልሆነም፣ ምክንያቱም እዚያ ባሕር ዳር አሸዋ ወደ ደቡብ ነው የሚጓዘው፣ ድንጋዩ ይይዘዋል። ስለዚህ የኦሽን ሲቲ ደቡብ ጫፍ አሸዋው በጣም ሰፊ ነው፣ ከበሩ ማዶ ያለው የአሳቲግ ጫፍ ደግሞ አሸዋ እያጣ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል።

ማታ ይኼን በዓይናቸው እንዲያዩት ወደ ቦርድዎክ ወሰድኳቸው። ከኢንሌቱ፣ ወጀቡ ከከፈተው በር ማለት ነው፣ እስከ 27ኛው ጎዳና 3 ማይል ገደማ የሚዘረጋ የእንጨት መሄጃ ነው። ጫፍ ላይ ቆመን ማዶ ያለውን አሳቲግ አየን፣ በእርግጥም ወደ ኋላ ገብቶ ነው የሚታየው። እዚያው አካባቢ ከ1929 ጀምሮ ድንች ብቻ እየጠበሰ የሚሸጥ ትራሸርስ የሚባል ቤት አለ። የሚጠብሰው በኦቾሎኒ ዘይት ነው፣ በኮምጣጤና በጨው ይሰጣል፣ ኬቻፕ የለም። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? እማዬ ሸርጣኑን እንዳየች ፊቷን አዞረች፣ ለሜሪላንድ ሰው ክብሩ እሱ ነው፣ እኛ ደግሞ አንበላውም። ድንቹን ግን ሁለቱ ሴቶች በአንድ ባልዲ ጨረሱት።

ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብተን ሄንሪ ሆቴልን ከውጭ አየን። የእንጨት ቤት ነው፣ ሦስት ፎቅ፣ ቀለል ያለ። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁር እንግዳ ከሚያርፍባቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ነበር። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ዱክ ኤሊንግተንና ካውንት ቤዚ ለነጮች ሙዚቃ ተጫውተው እዚህ ያድሩ ነበር ይባላል። ለሌላው ጥቁር ሕዝብ ባሕሩ የሚፈቀደው የነጮቹ ወቅት ካለቀ በኋላ፣ መስከረም ላይ በተለዩ ቀኖች ነበር። ይኼን ለእማዬ ስተረጉምላት ዝም አለች። እኛ ዋጋ ቀነሰ፣ ሰዉ ሳሳ ብለን ደስ ብሎን የመረጥነው ወር ለእነሱ የተተወላቸው ወር ነው። ኦሽን ሲቲ የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ቤት በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ቢቆም ደስ ይለኛል።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ጠዋት ቤቱን አስረክበን በርሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ገባን። ከኦሽን ሲቲ ሩብ ሰዓት ናት። ባሕር የላትም፣ ጡብ ቤትና የዛፍ ጥላ ያለው መንገድ ነው ያላት፣ ከአንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ ድረስ በእግር ትጨርሱታላችሁ። ለአረጋዊ እንዲህ ያለ ከተማ ይሻላል። መቀመጫ በየቦታው አለ።

ቻርልስ አልበርት ቲንድሊ በ1851 የተወለዱት እዚህ ነው። አባታቸው በባርነት የነበሩ ናቸው። ማንበብ ራሳቸውን አስተምረው፣ ፊላደልፊያ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን በኋላ ፓስተር ሆነው ተመለሱ። የጻፏቸው መዝሙሮች እስከ ዛሬ በጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራሉ። እትዬ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስነገሩኝ። «ጠርጎ የገባበትን መቅደስ ሰበከበት» አሉ።

በመልስ መንገድ ኬምብሪጅ ላይ ለአጭር ጊዜ ቆምን። ሃሪየት ተብማን በዚያው ዶርቼስተር ካውንቲ በ1822 ገደማ ተወልዳ፣ በ1849 ከባርነት ካመለጠች በኋላ እየተመለሰች 70 ያህል ሰዎችን ነጻ አውጥታለች። ኬምብሪጅ ውስጥ በስሟ ያለው ሙዚየም ግድግዳ ላይ በ2019 የተሳለ ሥዕል አለ፣ ግድግዳውን ጥሳ እጇን ስትዘረጋ። ሰው ሁሉ እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። የኛዎቹም ተነሱ።

ከዚያ ከመንገድ ዳር ገበሬ በቆሎ ገዛን። እሸት ነው፣ ጳጉሜን ላይ እሸት በቆሎ ሳይጠበስ የሚያልፍ የለም፤ ያገሩ ጣፋጭ ዓይነት ቢሆንም እማዬ ቅርፊቱን ገለጥ እያደረገች በጥፍሯ ፍሬውን ወጋ ወጋ እያደረገች ነው የመረጠችው፣ ሻጩም እያየ ፈገግ ይል ነበር። ቲማቲምም ጨመርን። ድልድዩን ያለ ሰልፍ ተሻገርን፣ በዚህኛው ጊዜ እትዬ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። የሥራ መውጫው ሰልፍ ሳይጀምር 9 ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርን። ዶሮው ገና ስላልተገዛ ከቤት በፊት ገበያ ቆምን፣ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ እማዬ ለሚቀጥለው ዓመት ስኖው ሂልን አስጻፈችኝ፣ እትዬ ደግሞ የፈረሶቹን መዋኘት ማየት ይፈልጋሉ። ያ ሐምሌ ነው፣ ሰዉ በጣም ይበዛል፣ ማረፊያውም ከአሁኑ መያዝ አለበት። ልይዘው ነው።